የኤሌክትሪክ መኪና ጣርማ በርን ሳትወጣ ተፈተነች አይባልም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ብዙ ተጽፏል። ክርክሩ በአመዛኙ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ውጭ ምንዛሪና ስለ መለዋወጫ ነው፤ ተገቢ ክርክር ነው፣ እኔም እያነበብኩ ተምሬበታለሁ። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ግን እምብዛም ሲነሣ ስላላየሁት ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት መኪናዋን እንዴት ይሞክራታል የሚለው ነው። በየመሸጫው የሚደረገው የሙከራ ጉዞ ለእኛ ለደጋ ሰዎች የሚነግረን ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ነዋሪነቴ ደብረ ብርሃን ነው። ለረጅም ዘመን ፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ፤ አሁን የጽሕፈት መሣሪያ አከፋፍላለሁ። ዕቃ ለማምጣት በየሳምንቱ አዲስ አበባ እወጣለሁ፣ በወር አንድ ሁለት ጊዜ ደግሞ ለደንበኞቼ ለማድረስ በጣርማ በር አድርጌ እስከ ሸዋ ሮቢት እወርዳለሁ። የኤሌክትሪክ መኪና መንዳት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል። በእነዚህ ዓመታት ለነዳጅ ሰልፍ ቆሜ አላውቅም፤ የፍሬን ሸራም አልቀየርኩም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ቴክኖሎጂውን ለመንቀፍ አይደለም። እንዲያውም ሥራዬ ስለ ሰፋ ባትሪዋ ተለቅ ያለ ሌላ መኪና ለመግዛት ወስኜ ነበር ወደ ሻጮች የሄድኩት።

በመጀመሪያ የሄድኩበት አዲስ አበባ የሚገኝ መሸጫ አቀባበሉ ያማረ ነበር። ቡና ቀረበልኝ፤ አንዲት ትሑት ልጅ መኪናዋ ውስጥ አስቀምጣኝ የጣሪያው መስታወት እንዴት እንደሚከፈት፣ ወንበሩ ጀርባ እንዴት እንደሚያሽ፣ የውስጡ መብራት በስንት ዓይነት ቀለም እንደሚበራ በትዕግሥት አሳየችኝ። ከዚያ ከግቢው ወጥተን፣ አደባባዩን ዞረን ተመለስን፤ ሰዓቴን አይቼ ስለ ነበር ሰባት ደቂቃ መፍጀቱን አውቃለሁ። የባትሪው ዓይነት ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ «ኦሪጅናል ነው» የሚል መልስ አገኘሁ። በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ስል «ከ500 በላይ» አለችኝ። በየት መንገድ ብዬ ብጠይቃት ደግሞ ጥያቄው አስገርሟት «በየትኛውም መንገድ ነው እንጂ፣ ጋሼ» አለችኝ። በልጅቷ አልፈርድም፤ የተሰጣት ወረቀት ላይ የተጻፈው ይኸው ነው።

ያ በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቁጥር ግን ውሸት ባይሆንም የእኛ አይደለም። ወደ አገራችን ከሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች እጅግ ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስለሆኑ በቻይናው መለኪያ የተለኩ ናቸው። ይህ መለኪያ መኪናዋን በቦታው በሚሽከረከር በርሜል ላይ አቁሞ ለ30 ደቂቃ፣ በአማካይ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት ያስኬዳታል። የአውሮፓው መለኪያ አማካይ ፍጥነቱ 46 ኪሎ ሜትር ስለሚደርስ ውጤቱ ዝቅ ይላል፤ ለዚህም ነው አንዲቱ መኪና በሁለት ወረቀት ሁለት ዓይነት ርቀት የሚጻፍላት። በሁለቱም ውስጥ ግን አንድም ዳገት የለም። በርሜል ላይ የቆመች መኪና ጣርማ በርን አታውቀውም።

እኔ ያወቅሁት ተቸግሬ ነው። መኪናዋን በገዛሁ በሁለተኛው ወር ከሸዋ ሮቢት ስመለስ ባትሪዬ 50 በመቶ ነበር፤ መቁጠሪያውም 200 ኪሎ ሜትር ይቀርሃል ይለኛል። እስከ ደብረ ብርሃን 95 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ምን ቸገረኝ ብዬ ተነሣሁ። ደብረ ሲና ስደርስ ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ይወርድ ነበር፤ የጣርማ በር ዋሻ አፍ ላይ ስደርስ ማሞቂያውንም ሬዲዮኑንም አጥፍቼ፣ ጋቢ ተከናንቤ ነበር የምነዳው። ቤቴ የገባሁት በ3 በመቶ ነው። ባለቤቴ በሩን ስትከፍትልኝ «ምነው፣ ከመኪናው ጋር ተጣላህ እንዴ?» ያለችኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ማታውን ወረቀት አውጥቼ ስቀምረው የቸገረኝ መኪናዋ ሳትሆን ተማሪዎቼን ሳስተምር የኖርኩት ስበት መሆኑን አየሁ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1280 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ከነጭነቷ ሁለት ቶን የምትመዝን መኪና ያን ያህል ከፍታ ስትወጣ፣ ጎማውና አየሩ የሚበሉትን ሳይጨምር፣ ለመውጣቱ ብቻ ወደ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ጉልበት ይፈጅባታል። የእኔ ባትሪ ሲሞላ የሚይዘው 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ይህ ማለት ከባትሪዬ ከአምስት እጅ አንዱ እጅ የሚሄደው ከፍታን ለመግዛት ነው፤ የትኛውም የሽያጭ ወረቀት ደግሞ ይህን ወጪ አያሳይም።

በሌላ በኩል ደጋው የሚሰጠውም ነገር አለ፤ ሻጮቹ ቢያውቁበት ኖሮ ከወንበር ማሸት ይልቅ ይህን ባስተዋወቁ ነበር። በእኛ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የነዳጅ ሞተር የሚተነፍሰው አየር ስላነሰው ጉልበቱ ይደክማል፤ በጣርማ በር ዳገት ላይ አሮጌ ሚኒባስ በአንደኛ ማርሽ ሲያቃስት ያየ ያውቀዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስምና በሸዋ ሮቢት የነበረው ጉልበት ዋሻው አፍ ላይም ያው ነው። የሳሳው አየር ደግሞ መኪናዋን ከፊት ሆኖ የሚገፋት በቀላሉ ነው። ቁልቁለቱም ቢሆን ለነዳጅ መኪና የፍሬን ሸራ ማቃጠያ ሲሆን ለእኛ ባትሪ መሙያ ነው፤ እግርን ከፔዳሉ ሲያነሡ ሞተሩ ወደ ዲናሞነት ተለውጦ መኪናዋን እየያዘ ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል።

ይህን ሁሉ ይዤ ወደ ሁለተኛው መሸጫ ሄድኩና የሙከራ ጉዞው በእኔ መንገድ ካልሆነ አልገዛም አልኩ። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ሳቀ። የራሴን መኪና ከነሊብሬዋ መያዣ አድርጌ ግቢው ውስጥ እተዋለሁ ስለው ግን አሰብ አደረገና አንድ ወጣት ሠራተኛ አብሮኝ እንዲሄድ ፈቀደልኝ። ልጁ የደብረ ሲና ተወላጅ በመሆኑ እግረ መንገዱን እናቱን ሊጠይቅ አስቦ ይመስለኛል፣ ከእኔ ይልቅ እርሱ ነበር የቸኮለው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሹፌሮች ጠይቀን፣ ቅዳሜ ማለዳ በ12 ሰዓት ባትሪው 100 እያለ ከአዲስ አበባ ተነሣን። የዚህችኛዋ ባትሪ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የመኪናዋን ስም የማልጠቅሰው ደብዳቤዬ ማስታወቂያ እንዳይመስል ነው።

ሰንዳፋን፣ ሸኖን፣ ጫጫን አልፈን 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘን ደብረ ብርሃን ስንደርስ 65 በመቶ ቀረን፤ በማስታወሻ ደብተሬ እየመዘገብኩ ነበር። ጣርማ በር ዋሻው አፍ ላይ 51 ሆነ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን ያን ጨለማ ዋሻ አልፈን ከወዲያ ስንወጣ እንደ ልማዱ ጉም ጠበቀን። ከዚያ ቁልቁለቱ ጀመረ። ልጁ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ቆየና «ጋሼ፣ ተበላሽታ ይሆን እንዴ? ቁጥሩ እየጨመረ ነው እኮ» አለኝ። ስንትና ስንት መኪና ሸጦ፣ ባትሪ በቁልቁለት ሲሞላ ዓይቶ አያውቅም ነበር። ሳቅሁ፣ ግን ነገሩ የሚያስቅ አይደለም፤ ሻጩ ራሱ ሞክሮ የማያውቀውን ነው ለእኛ የሚያስረዳን።

ደብረ ሲና በ52 በመቶ ደረስን። መኪና በቆመ ቁጥር የሚከቡት የቆሎ ሻጮች በዚያን ዕለት አንዲትም አልመጣችልንም፤ ለካስ ድምፅ ስለሌላት መምጣታችንን የሰማ አልነበረም። በመስኮት ብቅ ብዬ ስጣራ አንዲት ልጅ ደንግጣ ቆሎ የያዘችበትን ሰፌድ ልትጥለው ምንም አልቀራት። «በስመ አብ! ይቺ መኪና ትሳባለች እንጂ አትሄድም» ብላ ስትስቅ እኔም ሁለት ስኒ ገብስ ቆሎ ገዛኋት። ለእግረኛ የሚያሰማ ድምፅ ማውጫ አላት ቢባልም ገበያ ውስጥ እንደማይሰማ እዚያው አረጋገጥን። የልጁን እናት ሳንጠይቅ አላለፍንም፤ ቁርስ ካልበላችሁ ብለው አጥብቀው ስለያዙን አንድ ሰዓት ቆየን።

ሸዋ ሮቢት የገባነው በ57 በመቶ ነበር፤ ከዋሻው አፍ ጀምሮ ወደ 45 ኪሎ ሜትር ተጉዘን ባትሪያችን ስድስት ጨምሯል። የመልሱ ነገር ግን ሌላ ነው። ጭነት የያዘ ሲኖትራክ ከፊታችን ሆኖ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየጎተተን ዳገቱን ስንጨርስ 30 ቀረን፤ በአንድ ዳገት 27 ሄደ ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ቀርፋፋ ጉዞ ግን ሞተሩ አልጋለም፣ የሚሸት ፍሪሲዮን የለ፣ ዳገት ላይ ቆሞ ለመነሣት ወደ ኋላ መንሸራተት የለ። ደብረ ብርሃን ቤቴ ስገባ 20 በመቶ ነበር። ወረቀቱ ከ500 በላይ ያላት መኪና፣ ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት ደርሳ ደብረ ብርሃን ለመመለስ 320 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ 80 በመቶ በልታለች። ይህ ለእኔ መጥፎ ውጤት አይደለም፤ በቂዬ ነው። ችግሩ ይህን ለማወቅ መኪናዬን መያዣ ማስያዝ ማስፈለጉ ነው።

ከዳገቱ ይልቅ ብዙ የነገረኝ ግን ሌሊቱ ነው። ቤቴ ያለው ተራ የ220 ቮልት መስመር በሰዓት 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ስለሚሰጥ፣ ከ20 ተነሥቶ ለመሙላት 14 ሰዓት ይፈልጋል፤ በመሐል መብራት ከጠፋ ደግሞ ይብሳል። አሁን ያለ ችግር የሚሠራው በመጀመሪያው መኪናዬ ስለ ተማርኩ ነው። ያኔ ገመዱን ስሰካው ቀይ መብራት እያብለጨለጨ አሻፈረኝ ብሎ፣ መኪናዋ ተበላሽታ የተሸጠችልኝ መስሎኝ ነበር። ምክንያቱ ቤቴ እንደ ብዙው የከተማችን ቤት የመሬት መስመር የሌለው መሆኑ ነው። የኤሌክትሪክ ባለሙያው ግድግዳው ሥር ረጅም ዘንግ ቀብሮ፣ አፈሩን አርጥቦ፣ በወፍራም የመዳብ ሽቦ ከቆጣሪው ጋር ሲያገናኘው ወዲያው አረንጓዴ በራ። ይህን የሚያህል ቀላል ነገር ሲሸጡልኝ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ዛሬም ለሌላው ገዢ አይነገርም።

ታኅሣሥ ስለሆነ በማግስቱ ጠዋት ሣሩም የመኪናዋ መስታወትም ውርጭ ለብሶ ነበር። ደብረ ብርሃን ያላደረ ሰው ይህን ብርድ በወሬ አያውቀውም፤ ባትሪ ደግሞ እንደ ሰው ነው፣ ሲበርደው መብላትም መሥራትም ይጠላል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው የባትሪ ዓይነት ዕድሜው ረጅም ነው፣ እስከ 100 መሙላትም አይጎዳውም፣ በብርድ ግን ይሰንፋል። ኒኬልና ኮባልት ያለበት ሌላው ዓይነት ብርዱን ይሻላል፤ ነገር ግን ዘወትር ከ80 በላይ እየሞሉ ማሳደር አይመከርም። እንግዲህ «ኦሪጅናል ነው» የሚለው መልስ ለምን እንዳልበቃኝ ይታያችሁ፤ ዓይነቱን ሳያውቅ የገዛ ሰው መኪናውን እንዴት ቻርጅ ማድረግ እንዳለበት እንኳ አያውቅም።

የእኔ አሮጌ መኪና ባትሪዋን የምታሞቅበት መላ የላትም። በብርድ ጠዋት የመጀመሪያዎቹን አሥራ አምስት ያህል ኪሎ ሜትር ኃይል መልሳ አትሰበስብም፤ እግሬን ሳነሣ እንደ ወትሮው ስለማትይዝ ፍሬኔን እረግጣለሁ፣ ይህን የማያውቅ ሹፌር ይደነግጣል። መላው፣ ቻርጁ መነሻ ሰዓት ላይ እንዲያልቅ አድርጎ ማስተካከል ነው፤ ሲሞላ ያደረ ባትሪ ገላው ለብ ይላልና። አዲሲቱ ግን ማሞቂያ አላት፤ ከመነሣታችን ግማሽ ሰዓት ቀደም ብዬ በስልኬ ሳስነሣት ከወጣንበት ጀምሮ ያዘችልኝ። የገዢነት ልቤ ያጋደለው በዚያች ጠዋት እንጂ በመሸጫው ወንበር ላይ አልነበረም። ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፣ ስንሄድ 35 በመቶ የበላችውን መንገድ በ27 ጨረሰችው፤ ቁልቁለቱ ለእኛ አዳልቷል።

ሌላውን ባጭሩ ልለፈው። መስመር ልቀቅ አትልቀቅ እያለ የሚጮኸው መሣሪያ፣ ቀለም ባልተቀባ መንገድና አህያ በሚነዳበት ጎዳና ላይ ከጥቅሙ ራስ ምታቱ ስለሚበልጥ አጠፋሁት። የስክሪኑ ቋንቋ ግማሹ ቻይንኛ ነው፤ በድምፅ የሚታዘዘው ክፍል ደግሞ ከቻይንኛ በቀር አይሰማም። ስኮርታ ጎማ የላትም፤ ወደ ገጠር በጠጠር መንገድ ለሚሄድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የቻርጅ መሰኪያዋም የቻይናው ጂ.ቢ.ቲ. የሚባለው ይሁን የአውሮፓው ሲ.ሲ.ኤስ. ቱ፣ ገዢው በዓይኑ አይቶ ማረጋገጥ ይኖርበታል፤ አንድ ዓይነት መኪና ሆና እንደመጣችበት አገር መሰኪያዋ ሊለያይ ይችላል፣ በመንገድ ላይ ያለው ፈጣን ቻርጀር የማይገጥማት ከሆነ ደግሞ ሌሊቱን በተራ ገመድ ማሳለፍ ግድ ነው።

ስለዚህ በጋዜጣችሁ በኩል ለሻጮችና ጉዳዩ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል የማቀርበው ጥያቄ ብዙ አይደለም። ሚሊዮኖች ለሚከፍል ገዢ ቢያንስ ግማሽ ቀን የሚቆይ፣ ዳገትና ቁልቁለት ያለበት የሙከራ ጉዞ ይፈቀድለት፤ መድን የተገባላት አንዲት መኪና በየመሸጫው ለዚህ ብትመደብ ሻጩን የሚያከስር አይመስለኝም። መንገዱ የግድ የእኛ ጣርማ በር ይሁን አልልም፤ ከአዲስ አበባ እንጦጦን መውጣትና መውረድም ብዙ ያሳያል። ሁለተኛው፣ የባትሪው ዓይነት፣ ማሞቂያ ያለው መሆኑና አለመሆኑ፣ የመሰኪያው ዓይነት፣ የተጻፈው ርቀትም በየትኛው አገር መለኪያ እንደ ተለካ፣ በአማርኛና በየክልሉ የሥራ ቋንቋ በአንድ ገጽ ተጽፎ የሽያጩ ውል አካል ይሁን። መንግሥት ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከኤክሳይዝ ታክስ ነፃ አድርጎ ሲያስገባው ለቆየ ዕቃ ይህን መጠየቅ መብቱ ነው።

መኪናዋን ሰኞ ጠዋት መለስኩ። የእኔይቱን ግቢያቸው ውስጥ አጥበው፣ እስከ አፏ ሞልተው አቆዩኝ፤ በዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ሥራ አስኪያጁ ደብተሬን ተቀብሎ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በስልኩ ፎቶ አነሣ። ቀብድ እንድከፍል ሲጠይቀኝ የባትሪው ዓይነትና ማሞቂያው በውሉ ላይ ይጻፍልኝ አልኩት፤ ከአለቆቼ ጋር ልነጋገርበት ብሎኛል። ይህን ደብዳቤ እስከጻፍኩበት ቀን አልደወለም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን